ቁጥር አሥራ አንድ

«ቁጥር ሰባት፣ ተሾመ ውበቱ» ብላ ልጅቷ ስትጣራ፣ በቀበሌው አዳራሽ በረንዳ ላይ ከተኮለኮለው ሰው መካከል ተሾመ ተነሣ፤ የሱሪውን አቧራ አራገፈና ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ተሾመ የበርበሬ ነጋዴ ነው። ለሚካኤል ዝክር እንኳ ጠላ ሲቀርብለት ከንፈሩን አስነክቶ የሚመልስ፣ ሠርግ ቤት ለስላሳ ይዞ ጥግ የሚቀመጥ ሰው ነው፤ ሰክሮ አየሁት የሚል ቢመጣ ቆቦ ውስጥ የሚያምነው አይገኝም። ልጅቷ የያዘችው ወረቀት ግን «በአልኮል ሱስ የተጎዱ፣ ለችግር ተጋላጭ የሆኑ አዋቂዎች ዝርዝር» ይላል፤ ተሾመ ከእነሱ ሰባተኛው ነው። ማንም አልሳቀም። አንዱ ግድግዳ ግድግዳውን፣ ሌላው ጫማውን ያያል። የአክስቱ ልጅ በላይነሽም ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ አንገቷን ደፋች።

«ተሾመ ሰካራም ከሆነ እኔ ጳጳስ ነኝ» አላት ጋሹ በጆሮዋ።

ጋሹ ታናሽ ወንድሟ ነው። ትንፋሹ የጥርስ ሳሙና ይሸት ነበር። ከእሑድ ጀምሮ አልጠጣም፤ ዛሬ ዓርብ ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አምስት ቀን እንዲህ ውሎ አያውቅም። ላብ ያጠምቀዋል፣ የበላው አይረጋለትም፣ ብርጭቆ አይይዝም። ቢሆንም ዛሬ ጠዋት «ራሴ እላጫለሁ» ብሎ አገጩን ሁለት ቦታ ቆርጦ ነጭ ሸሚዙንና ግራጫ ኮቱን ለብሶ ወጣ። ኮቱ የመስኖ ጉድጓድ የፓምፕ ኦፕሬተር በነበረበት ጊዜ፣ ሰክሮ ተኝቶ ሞተሩ ከመቃጠሉና እሱም ከመባረሩ በፊት፣ በደመወዙ የገዛው ነው። እሑድ ዕለት ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ፣ «ዝርዝሩ ውስጥ ካስገባሽኝ ለሕክምናው እሄዳለሁ» ብሏታል። «በራሴ ግን አልችለውም፣ እታለም። በራሴ ሞክሬዋለሁ።» በላይነሽ ይህን ቃል ለዘጠኝ ዓመት ስትጠብቅ ኖራ፣ በተባለላት ጊዜ ዝርዝሩ ተዘግቶ አገኘችው።

ለመዘጋቱ የራሷም እጅ አለበት። ኅዳር ላይ ሁለት ወጣቶች ቅጽ ይዘው ቤት ለቤት ዞረው ነበር። «በቤቱ ውስጥ የመጠጥ ሱሰኛ አለ?» ነው ጥያቄው። አለ ያለ ቤት አልተገኘም። በዚያ ሳምንት ለበላይነሽ ልጅ ሽማግሌ ሊመጣ ቀጠሮ ተይዞ ነበር፤ ስለዚህ ጋሹ ከጓሮ ከማገዶው ክምር ሥር ጫማውን እንዳደረገ ተኝቶ ሳለ፣ እሷ በደጅ ቆማ «በቤታችን እንዲህ ያለ ሰው የለም» ብላ ፈረመች። ጥር ላይ ልጇ ተዳረች። ወዲያው ደግሞ ወሬ ተሰማ፦ ሱሰኛ የተባለ ሰው ደሴ ወርዶ ሦስት ወር ይታከማል፣ ሲመለስ ለሥራ መጀመሪያ ስምንት ሺህ ብር ይሰጠዋል፣ ገንዘቡም የመጣው ከውጭ ነው። ፕሮጀክቱ ሰው የመለየቱን ሥራ ለቅሬዎቹ ሰጠ። ሬሳ የሚያነሣና ድንኳን የሚተክል የሰፈር ማኅበር፣ እስላም ክርስቲያኑን ሳይለይ የማን ቤት ምን እንዳለ ያውቃልና አላሰቡም አይባልም። ለሦስት ቅሬ አሥራ ሁለት ሰው፣ ለእያንዳንዱ አራት አራት ተደለደለ። ቅሬዎቹ ግን የለመዱት የእርዳታ ስንዴ ማከፋፈል ነው። ስለዚህ ባለፈው ዙር ያልደረሰው፣ ልጅ የበዛበት፣ በሬው የሞተበት እያሉ በተራ በተራ ሰካራም አወጡ። የበላይነሽ ቤት ባለፈው ዓመት ስንዴ ወስዷል። ተራው አልነበረም።

ዝርዝሩን የያዘችው ልጅ መጥራቷን ቀጠለች። ቤተልሔም ትባላለች፤ ከደሴ የመጣች የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ናት፤ ሙቀቱ ፊቷን አቅልቶታል፣ ጠረጴዛዋ ላይ ባዶ የውኃ ፕላስቲኮች ተደርድረዋል።

«ቁጥር አሥራ አንድ» አለች። መልስ የለም። ደግማ ጠራች።

«እሱ እንኳ አርፏል» አሉ የቅሬው ዳኛ ጋሽ ደምሴ ከአግዳሚው ላይ ሳይነሡ። «የካቲት አሥራ ዘጠኝ ቀበርነው።»

«ምን አግኝቶት?»

«መጠጥ ነዋ» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ጥያቄው ገርሟቸው።

በዝርዝሩ ላይ ከነበሩት አሥራ ሁለት ሰዎች የሚጠጣው እሱ ብቻ ነበር። ቤተልሔም ነፍስ ይማር አለችና ስሙ ላይ መስመር አሰመረች። ከዚያ፣ ክፍቱ ቦታ ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልተሞላ ለጎብዬ ከተማ እንደሚተላለፍ ተናገረች። ለመሙላት የቤተሰብ ቃል፣ የሁለት ጎረቤት ምስክርና የራሷ ምልከታ ያስፈልጋል። በላይነሽ ንግግሩ እስኪያልቅ አልጠበቀችም፤ ጋሹን በእጅጌው ይዛ ሰውን እየገፋች ጠረጴዛው ፊት አቆመችው።

ቤተልሔም ስማቸውን ጠይቃ ወረቀቶቿን ስታገላብጥ ቆየችና አንዱን አወጣች። የኅዳሩ ቅጽ ነው። «እናቴ፣ ይኼ የእርስዎ ፊርማ ነው?» አለች ጣቷን ከታች አድርጋ። «በቤቱ ሱሰኛ የለም ይላል።»

«ዋሽቼ ነው፣ ልጄ።»

«እና አሁን እውነት መናገርዎን በምን ልወቅ?»

በላይነሽ ዞር አለች። ከኋላዋ ያለው ሰው ጆሮውን አቁሟል። ቤተልሔም ፊቷን ወደ ጋሹ አዞረችና «እርስዎ ይጠጣሉ?» አለችው። ጋሹ በቢሮ ፊት መቆም የሚያውቅ ሰው ነው። ቀጥ አለ፤ የሚንቀጠቀጡ እጆቹን ከኮቱ ኪስ ከተተ።

«እንደ ሰው» አለ።

«እንደ ሰው ማለት?»

«ለበዓል። ለሠርግ።»

በላይነሽ እግሩን ረገጠችው። አላያትም። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ድምፁ ግን የደመወዝ ጊዜው ድምፅ ነበር። አዳራሹ ሙሉ ሰው ከኋላው ቆሞ ሳለ «ሰካራም ነኝ» ማለት ከአምስቱ ቀን ይልቅ ከብዶት እንደሆነ እህቱ ገባት፤ ቢገባትም በጥፊ ልታጮለው እጇን በላት።

«እጁን እይው፣ ልጄ፤ ይንቀጠቀጣል። ካቆመ አምስተኛ ቀኑ ነው።»

«መንቀጥቀጥ የወባም ሊሆን ይችላል» አለች ቤተልሔም፤ በክፋት አይደለም፣ በቆቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ ወባ እንደሆነ ተነግሯት ነው። «የምትመረምረው ነርሷ ነበረች፤ እሷ ዛሬ ሮቢት ከተማ ሄዳለች። እኔ የማየው መስፈርቱን ነው። መስፈርቱ ‹በአሁኑ ጊዜ በመጠጣት ላይ ያለ› ይላል። ካቆሙ ደግሞ እሰየው ነው፤ የተቸገረ ብዙ አለ። እስቲ ምስክሮቹን ያምጡ።»

ምስክሮቹ ሩቅ አልነበሩም። ጋሽ ደምሴ እዚያው አግዳሚው ላይ አሉ። የአጥር ጎረቤቷ ኡሙሃኒም ለራሷ ጉዳይ መጥታ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ኡሙሃኒ ጋሹን ከቦይ ውስጥ ስንት ጊዜ ጎትታ አውጥታዋለች፤ አንድ ቀን በሯን ተሳስቶ ገብቶ ከመስገጃዋ ላይ ተኝቶ አግኝታው፣ ሳትቀሰቅሰው ሌላ ቤት ሄዳ ሰግዳለች። ጋሽ ደምሴ ደግሞ ጋሹ ለቀስተኛ ፊት ሰክሮ በወደቀ ጊዜ ቅሬው አምሳ ብር ሲቀጣው ፍርዱን የሰጡት እሳቸው ናቸው። በላይነሽ ሁለቱን ስታይ ልቧ ትንሽ ተመለሰ።

«ጋሹ ማለት» አሉ ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «የጨዋ ልጅ ነው። አባቱን አውቃቸዋለሁ። እጁ ከሰው ንብረት፣ አፉ ከስድብ የራቀ ነው።»

«ይጠጣል ወይ ነው ጥያቄው፣ አባቴ።»

«እሱ እንግዲህ… የማይጠጣ ማን አለ?»

ኡሙሃኒ ሻሿን አስተካከለች። ጋሹን አየችው፣ የተቆረጠ አገጩን፣ ነጩን ሸሚዝ። «ወላሂ ምንም ክፉ አላየሁበትም» አለች። «ሲያልፍ ሰላም ብሎን ነው የሚያልፈው።»

ቤተልሔም እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንግዲህ ሰምተዋል፣ እናቴ። ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ብዬ ልጻፍ?» ሰዓቷን አየች፤ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ነው። ጋሹ ለምስክሮቹ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ።

ውጭ፣ ከባጃጆቹ መቆሚያ አጠገብ፣ በላይነሽ ኡሙሃኒን በክንዷ ያዘቻት። «ምን አደረግሁሽ? ጎትተሽ ያወጣሽው ሌላ ሰው ነው?»

«በሰው ፊት እንዴት አድርጌ ልበለው?» አለች ኡሙሃኒ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ተላጭቶ፣ ኮት ለብሶ፣ እንደ ሙሽራ ቆሞ። በአላህ፣ አንቺ ብትሆኚ የእኔን ወንድም ትዪዋለሽ? ዛሬ ካዋረድኩት ነገ በየትኛው ዓይኔ አየዋለሁ?»

በላይነሽም ኅዳር ላይ ያደረገችው ይህንኑ ነው። እዚያው እንደቆሙ ተሾመ ከአዳራሹ ወጥቶ መጣ፤ የተፈረመለትን ወረቀት በአራት አጥፎ በደረት ኪሱ ከትቷል። ሲቀርብ አረቄ ሸተታት። ያ ጠላ እንኳ የማይቀምስ ሰው፣ ያውም በሁዳዴ። በላይነሽ አፍንጫዋን ስትይዝ ተሾመ ፈገግ አለ።

«ጃኬቴ ላይ ነው ያፈሰስኩት፣ እኔ አልጠጣሁም። ትንሽ ተጉመጥምጬ ተፋሁ፤ ዋጥ ስላላደረግሁት ጾሜንም አልፈታሁ። ወንድምሽን ለቃል ኪዳን ነው እንዴ አልብሰሽ ያመጣሽው? ልጅቷ ከተማ ያደገች ናት፤ የምታምነው ያሸተተችውን ነው።»

«ታዲያ አንተ ሦስት ወር ደሴ ሄደህ ምን ልትታከም ነው?»

«እኔማ ተኝቼ እበላለሁ። የሚሰጡት ብር ደግሞ በርበሬ ሳይወደድ ይደርሳል።» ከዚያ ራቅ ብሎ የቆመውን ጋሹን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእሱ ነበር የሚገባው፤ አውቃለሁ። ምን ላድርግ? ተራው ለእኔ ደረሰ።» ይህን ሲል ያፈረ መሰለ፤ ግን የደረት ኪሱን በእጁ ዳበሰ እንጂ ወረቀቱን አላወጣም።

በላይነሽ ጋሹን ወደ ቤት ሰድዳ እሷ በመናኸሪያው ጀርባ ዞረች። የአስካለ አረቄ ቤት በር ላይ ከደረሰች በኋላ ግራ ቀኝ አየች፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እዚህ የመጣችው ሰው ልታወጣ ብቻ ነው። ክፍሏ አራት በአራት ትሆናለች፤ ከጭቃው ግድግዳ ጋር የተያያዘ መደብ፣ የፕላስቲክ ጠረጴዛ፣ ከግድግዳው የተቸነከረ ያለፈ ዓመት የባንክ ካላንደር። በዚያ ሙቀት አራት ሰዎች ሳይነጋገሩ ተቀምጠዋል። ከአራቱ አንዳቸውም ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ስለ ዝርዝሩ የነገራቸው መኖሩንም ተጠራጠረች።

«ከእሑድ ጀምሮ ስላላየሁት ሞቶ መስሎኝ» አለች አስካለ መቅጃዋን ይዛ። «ሬሳም አልተነሣ፣ ልጠይቅሽ ፈራሁ። መለኪያው ሦስት ብር ነው፤ ግማሽ ሊትሩን በሃያ ልስጥሽ?»

«ግማሽ ሊትር።»

«እንኳን ተመለሰ» አለች አስካለ።

ቤት ስትደርስ ጋሹ በሩ ሥር ባለው የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጧል። ማሽላና ጤፍ በጣሳ እየሰፈረች የምትሸጥበት የፊት ክፍል ዛሬ ተዘግቶ ስለዋለ ቤቱ ጨልሟል፤ የተከመሩት የእህል ማዳበሪያዎች ብቻ ይታያሉ። የአረቄውን ፕላስቲክ ከነጠላዋ ሥር ስታወጣው ጋሹ ተነሣ፤ መልኩ የውኃ ቢመስልም ክዳኑ ሳይከፈት ምን እንደሆነ አውቆታል። «ኮትህ ላይ ነው» አለችው ፈጠን ብላ። «አትጠጣም። ተሾመ እንዲሁ ነው ያደረገው።» ልብስ ሰፊ እንደሚለካው ሰው እጆቹን ከጎኑ ዘርግቶ ቆመላት። ደረቱ ላይ አፈሰሰች፣ እጅጌው ላይ፣ ኮሌታው ላይ፤ ነጩ ሸሚዝ ከገላው ተጣበቀ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ጋሹ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በአፉ ይተነፍስ ነበር።

«አፌስ?» አለ።

«ምን አፍህ?»

«አፌ ሳሙና ነው የሚሸተው። ቀርባ ካናገረችኝ ታውቃለች።»

እውነቱን ነው። በላይነሽ በክዳኑ ቀድታ ሰጠችው፤ ሰጥታውም ዓይኗን ከጉሮሮው ላይ አልነቀለችም። በሁለት እጁ ይዞ አፉ ውስጥ ከተተው። ጉንጩ ተነፋ። ቆመ። ውጭ አንድ ከባድ መኪና ወደ አላማጣ አለፈ፤ የመስኮቱ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፤ መኪናው ርቆ ድምፁ እስኪጠፋ ጋሹ እንደዚያው ቆሞ ነበር። ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ በሩ ሄዶ ተፋው፤ የረጠበውን አፈር ፀሐይ እስኪያደርቀው ድረስ አየው።

«እንሂድ» አለ። «ቶሎ እንሂድ።»

አዳራሹ ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ከሩብ ነው። በዚህ ጊዜ ጋሹ ለመንገዳገድ አልተቸገረም፤ ጉልበቱ በራሱ ከድቶታል፣ ላቡ በአገጩ ይወርዳል። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ቤተልሔም ቀና ሳትል ነው ሽታው የደረሳት። ወንበሯን ወደ ኋላ አሸሸች፤ ፊቷ ላይ ግን ቅሬታ ሳይሆን እፎይታ ነበር፤ በቅጹ ሳጥን ውስጥ የምታስገባው ምልክት ተገኝቷል።

«ጠጥተዋል?»

«አዎ» አለ ጋሹ ጮክ ብሎ። ቀላል ሆነለት፤ ውሸት ስለሆነ።

ጋሽ ደምሴም አግዳሚው ላይ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ እሱ ካላፈረ እኛ ምን እንሸሽጋለን» አሉና መጥተው ፈረሙ፤ ስለ አምሳ ብሩ ቅጣት እንኳ ሳይጠየቁ ተናገሩ። ኡሙሃኒ ስለ ቦዩ ተናገረች፤ ስለ መስገጃው አልተናገረችም። የአሁኑ ቃላቸው ከጠዋቱ ጋር ስለመጋጨቱ የጠየቃቸው የለም። ቤተልሔም ከሞተው ሰው ስም በላይ ጋሹ ብላ ጻፈች፤ ቁጥር አሥራ አንድ። በላይነሽ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«መኪናው መቼ ነው የሚወስዳቸው፣ ልጄ? ነገ ነው?»

«ነገ?» ቤተልሔም ወረቀቶቿን እየሰበሰበች ነው። «ሕክምናው የሚጀምረው ሐምሌ ላይ ነው፣ እናቴ። የመጀመሪያው ብር ለሥልጠናና ለመለየቱ ሥራ ነው የመጣው፤ ቀጣዩ የሚለቀቀው ዛሬ የምልከውን ሪፖርት አይተው ነው።»

መጋቢት ነው። በላይነሽ በጣቷ ቆጠረች፤ አራት ወር።

«እስከዚያ በየወሩ እየመጣን እናጣራለን፤ ጎረቤትም እንጠይቃለን። ሁኔታው ከተቀየረ ቦታው ለተጠባባቂ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ምንም እንዳይቀየር።» ከዚያ ነገሩ ራሷንም የከነከናት ይመስል ቀና ብላ ጋሹን አየችው። «ማለቴ፣ ካቆሙማ ጥሩ ነው» አለች፤ ቦርሳዋንም ዘጋች።

ወደ ቤት በእግራቸው ተመለሱ። የገበያው ሰው፣ የባጃጅ ነጂው፣ የዳቦ ቤቷ ሴት፣ ሁሉም ሰምቷል። «እንኳን ደስ አላችሁ» ይሏታል፤ ልጇን የዳረች ቀን እንዳሏት ያለ ነው። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ጋሹ ሁለት እርምጃ ከኋላዋ ይከተላል። ቤት ገብቶ ኮቱን አወለቀና ሚስማሩ ላይ ሰቀለው፤ ዱካው ላይ ተቀመጠ። ኮቱ በመካከላቸው ይሸታል። በላይነሽ የተረፈውን አረቄ ከመሄዳቸው በፊት ከነፕላስቲኩ ማዳበሪያው ላይ አስቀምጣው ነበር፤ ገና ግማሽ ያህሉ አለ። ልትደፋው ነበር ያሰበችው። እዚያው ሆነና ሁለቱም አዩት።

«ምንም እንዳይቀየር ነው ያለችው?» አለ ጋሹ።

«እንደሱ ነው ያለችው።»

«አራት ወር።»

«አራት።»

«በራሴ አልችለውም ብዬሽ ነበር፣ እታለም። ሐምሌ ድረስ ሳልጠጣ ከቻልኩማ ደሴን ለምኔ ነው?» ሳቅ ብሎ ነው ያለው፤ ቀልድ አልነበረም። እጁን አልዘረጋም። የሚንቀጠቀጡትን መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ሐኪም ፊት እንዳለ ሰው ጠበቀ።

በላይነሽ ተነሣች። ከመደርደሪያው አንድ የሻይ ብርጭቆ አወረደች፣ በውኃ አለቀለቀች፣ እስከ ወገቡ ሞላችና ማዳበሪያው ላይ አኖረችለት። እሱ በሁለት እጁ ሲያነሣው እሷ እንደ ልማዷ ወደ በሩ ሄደች፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ በሆነ ቁጥር ጎረቤት እንዳያይ ዘግታዋለች። መዝጊያውን ገፋ አደረገች። ከአጥሩ ወዲያ ኡሙሃኒ ልብስ ታሰጣለች። ጋሹ ይጠጣል ወይ ተብላ በየወሩ የምትጠየቀው ኡሙሃኒ መሆኗ ትዝ አላት። መዝጊያውን መልሳ እስከ ግድግዳው ከፈተችና ወለል እንዳለ እንዲቆይ ድንጋይ አስደገፈችው።